ሞተሩ ተቀይሯል

የንስሐ አባቴን ፈቃድ የጠየቅሁት ስለ ጾም ወይም ስለ ትዳር ሳይሆን ስለ ሞተር ሳይክል እንደነበር ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። እሷ ደብረ ታቦር ናት። እኔ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ነው የምኖረው። ስደውልላት «ከታቦር ወደ ታቦር ሄደሽ፣ ምን ራቅሽ ይባላል» ትለኛለች፤ በመካከሉ ግን የሁለት ቀን የአውቶብስ መንገድ አለ። የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ በስፌት ጥራት ተቆጣጣሪነት ነው። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እየገለበጥኩ የስፌቱን መስመር በጣቴ እከተላለሁ። ትንሽ ሞተር ገዝቼ መንዳት የጀመርኩትም ባጃጅ መጠበቅ ሰልችቶኝ እንጂ ሌላ ሐሳብ ኖሮኝ አልነበረም።

ሌላው ሐሳብ በኋላ መጣ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አደባባዩ ላይ ወደ ግራ እየታጠፍኩ ሳለ፣ ግራ እጄ መሪውን ወደ ፊት እየገፋ መሆኑን ልብ አልኩ። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን መሪ እገፋለሁ ማለት ነው። እንግዲህ መሪው ለአፍታ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወደ ግራ ይጋደምና ይታጠፋል። ይህ እንዴት ይሆናል? ሦስት ቀን ሙሉ አላመንኩም። ጭር ባለ መንገድ ላይ እየወጣሁ በሁለት ጣት ብቻ እየገፋሁ ሞከርኩት። እውነት ነው። ስንት ዓመት ሳላውቀው ሳደርገው የነበረ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ማወቅ የምፈልገው ነገር እየበዛ ሄደ፦ ምን ያህል ሊጋደም ይችላል? ጎማው የሚለቀው የት ላይ ነው? ይህን ደግሞ በከተማ መንገድ፣ በባጃጅና በሰው መሀል መሞከር ኃጢአት ነው። መኪና የሌለበት፣ የተዘጋ መንገድ ያስፈልጋል።

ለንስሐ አባቴ ይህን ሳስረዳ አጥብቀው ነው የሰሙኝ። የት ለመድረስ እንደምነዳ ጠየቁኝ። የትም አልደርስም፤ ዙሩን ጨርሼ የተነሳሁበት ቦታ ነው የምመለሰው አልኳቸው። ሊከለክሉኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣

«ሲጋደም አይወድቅም?» አሉኝ።

«ፍጥነት እስካለው አይወድቅም፣ አባቴ።»

«ሲቆምስ?»

«የሚወድቀውማ ሲቆም ነው።»

እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው አንድ መታጠፊያ ሠሩ፤ መዳፋቸውንም ጋደም አደረጉት። ከዚያ በእሑድና በበዓል እንዳይሆን፣ ሳልጸልይ እንዳልወጣ አዘዙኝና ለቀቁኝ።

ቅዳሜን የመረጥነው ግን በእሳቸው ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ጓደኛዬ ሙስሊም ናት፤ ዓርብ የእሷ ነው፣ እሑድ የእኔ። የተዋወቅነው ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው። ያን ያህል ባጃጅና ሞተር ተሰልፎ ሴቶቹ እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቤተሰቦቿ ከስልጤ መጥተው ገበያው ውስጥ የጨርቅ ንግድ የከፈቱ ናቸው፤ ሱቁን አሁን የምትይዘው እሷ ናት። በዚያ ሰልፍ ላይ ተራዬ ደርሶ የቀጂውን ቆጣሪ ዝቅ ብዬ ሳነብ ከኋላዬ ሆና «አንቺ ሴትዮ፣ ነዳጁን እንደ ጨርቅ ገልብጠሽ ልታዪው ነው?» አለችኝ። በዚያው ወዳጅ ሆንን።

ከከተማው ዳር አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አለ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ለከባድ መኪና ተማሪዎች የተሠራ የአስፋልት ዙሪያ መንገድ አለው። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በሹፍርና የጨረሱ አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት ተማሪ ስለሌለ ግቢውን ይለቁልናል፤ በአሮጌ ሞተራቸውም ተራ በተራ ዓመት ያህል አስነዱን። እኔ ከሱሪዬ በላይ ቀሚስ ደርቤ እመጣና በር ላይ አውልቄ አጣጥፈዋለሁ። እሷ አባያዋን አውልቃ፣ ከሄልሜቱ ሥር ጠበቅ ያለ ሻሽ ታስራለች። ጋሼ ፊታቸውን አዙረው ሰማዩን ያያሉ።

አሮጌው ሞተር በመጨረሻ አልነሳ አለ። መለዋወጫውም አይገኝም ተባለ። ለየብቻችን የምንገዛበት አቅም ስላልነበረን አንድ የስፖርት ሞተር በጋራ ገዝተን፣ እዚያው ግቢ አቁመን ቅዳሜ ቅዳሜ ልንነዳ ተስማማን። ጋሼ ሲያፈላልጉልን ከተማው ውስጥ ለሽያጭ የቀረቡ ሁለት ተገኙ። ሁለቱም መካከለኛ ናቸው፤ ከትንሹ የከተማ ሞተር የሚበልጡ፣ ከእነዚያ ግዙፎቹ የሚያንሱ። አንዱ ባለ አራት ሲሊንደር፣ አንዱ ባለ ሁለት። ልዩነቱን ጋሼ እንዲህ ብለው ነው ያስረዱን፦ «ባለ አራቱ ዘፋኝ ነው፤ በኃይል ዞሮ ከላይ ካልወጣ አይዘፍንም። ባለ ሁለቱ የእርሻ በሬ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲዞርም፣ ከታች ጀምሮ ይጎትታል።»

ጓደኛዬ ዘፋኙን ፈለገች። እሷ ፈጣን ናት፤ መታጠፊያ ሲመጣ ፊቷ ይበራል። የሌላ ባለ አራት ድምፅ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ሰምታ፣ ደንበኛ ትታ ከሱቅ ወጥታ እንደቆመች ነግራኛለች። እኔ በሬውን ፈለግኩ። የዚያን ዓመት ክረምት ሲወጣ፣ አሮጌውን መጋዘን በሚዞረው የቀኝ መታጠፊያ ላይ ወድቄ ነበር። ክርኔ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መጋዘኑ ጋ ስደርስ እጄ ሳላዘው የነዳጅ መስጫውን፣ ጋዙን፣ ይዘጋል። ጋዙ ድንገት ሲዘጋ ደግሞ ሞተሩ ይወዛወዝና ፍርሃቴን ይጨምረዋል። ጋሼ አይተውኛል። «የሚሆንሽን ካልነዳሽ ይህ ፍርሃት ዘንድሮ ያስቆምሻል» አሉኝ፤ ልክ እንደሆኑ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ሞተር ለሁለት ሰው ነው፤ የማይሆነኝን ከገዛን እኔ ቅዳሜን እተዋለሁ፣ የማይሆናትን ከገዛን እሷ። ይህን ሁለታችንም ሳንነጋገር እናውቀው ነበር።

የባለ አራቱ ባለቤት ቀያሽ ነው፤ መሬት የሚለካ፣ ጉዱማሌ አካባቢ የሚኖር የሲዳማ ልጅ። ልናየው ለቅዳሜ ተቀጣጥረን ሳለ ረቡዕ ዕለት በምሳ ሰዓት ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ሞተሩ ተቀይሯል» አለኝ። «ሊብሬውም ተቀይሯል። ስታዩት እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ዘጋሁት።

እኛ ሞተር የምንለው ሁለት ነገር ነው። የምንቀመጥበትን ሞተር ሳይክሉንም ሞተር እንላለን፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን፣ ነዳጅ የሚያቃጥለውንም ሞተር እንላለን። ሰውንና ልቡን በአንድ ቃል እንደ መጥራት ነው። ቀያሹ «ሞተሩ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። የሰማሁት ልቡን ነው፦ የሆዱ ሞተር ወጥቶ ሌላ ገብቶበታል፣ ለዚያም አዲስ ሊብሬ አውጥቶለታል። እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ ማን ይገዛል?

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ሱቋ ሄድኩ። ለአንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ እየለካች ነበር። ቀያሹ ሞተሩን መቀየሩን ነገርኳት። እስከዚህ ድረስ የሰውዬው ቃል ነው። ቀጥዬ ግን «ከሌላ የወጣ አሮጌ ሞተር ነው የጫነበት» አልኳት። ይህን ያለኝ ሰው የለም። ከተናገርኩ አይቀር ብዬ ሰውዬው ቤቱ ሲዳምኛ ስለሚናገር አማርኛው እንደማያስተማምን፣ ነገሩን ሸፈን እንዳደረገውም ጨመርኩበት።

መለኪያዋ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«ድምፁን እንኳን ሳልሰማው?» አለች። መለካቷን ቀጠለች። «አንቺ ካልሽ እንግዲህ አለቀ። እኔ እንኳን ሊብሬ፣ የልጆቼን ካርድም አንብቤ አልጨርስ።»

ማታ ስጸልይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ፤ ግን ምን እንደሆነ አልመረመርኩትም። የሰው ስፌት ሲመረምር የሚውል ሰው እንዲህ ያለውን ያልፋል።

ለቀያሹ ቀጠሮው ቀርቷል ብዬ መልእክት ላክሁበት፤ ቅዳሜ ባለ ሁለቱን ባለቤቱ ራሱ ይዞት መጣ። ባንክ የሚሠራ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ሌላ ገዢ ስላለው በዚያው ቀን ቁርጡን እንድንነግረው ብቻ ለመነን። መጀመሪያ እኔ ወጣሁበት። አቀማመጡ ቀና ያለ ነው፣ ወገብ አያስጎነብስም። ቀጥታው ላይ ደስ አለኝ። መጋዘኑ ጋ ስደርስ ግን፣ ታጥፌ ስወጣ ጋዙን ትንሽ ነካ ሳደርገው ወደ ፊት ወረወረኝና እጄ መልሶ ዘጋው። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። በሦስተኛውም ዙር፣ በአራተኛውም እንዲሁ ሆነ። የእኔው ነው፣ እለምደዋለሁ እያልኩ ወረድኩ።

እሷ ስትነዳው አንድ አባ ኮዳ የሚሉት ረጅም ወፍ ከሐይቁ በኩል መጥቶ አስፋልቱ መሀል ቆመ። እንደ አሠልጣኝ እጁን ወደ ኋላ ያደረገ ነው የሚመስለው። እስኪሄድላት ቆማ ጠበቀችው። ስትመለስ ሄልሜቷን ሰጠችኝና «ደህና ነው» አለች። ይህን «ደህና ነው» አውቀዋለሁ፤ የማያምርባትን ቀለም ለመረጠች ደንበኛ የምትለው ነው። ከዚያ የአስር ሰላት ደርሶባት ስለነበር ምንጣፏን ይዛ ወደ ዘበኛው ክፍል ገባች። ባለ ባንኩ በር ላይ ሻይ ይጠጣል። ስትጨርስ እንነግረዋለን ተባብለናል።

ጋሼ መጥተው አጠገቤ የግንድ ጉማጅ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ቀያሹ ልጅ ሞተሩን ለወጠ አሉ፣ ነገራችሁ? አሮጌውን ለአዲስ አበባ ሰው ሰጥቶ፣ ጨማምሮ፣ በጣም ደህና ባለ አራት አመጣ። አየሁት። ከነሊብሬው።»

«የሆዱን ሞተር ነው የለወጠው፣ ወይስ ሞተር ሳይክሉን፣ ጋሼ?»

«ሁለቱንም ነዋ» አሉኝ፤ ዞር ብለው አዩኝ። «ሞተር ያለ ሞተር ይለወጣል እንዴ?»

የዘበኛው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ጀርባዋ ይታየኛል፤ ጎንበስ ትላለች፣ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ታደርጋለች፣ ቀና ትላለች። ሄልሜቷን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ምንም ባልናገር ምን እንደሚሆን ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ትወጣለች፣ «ይሁን» ትላለች፣ ከባለ ባንኩ ጋር እንጨባበጣለን። ቀያሹን ማን ይጠይቀዋል? አልዋሸሁም፣ ተሳስቼ ነው የሰማሁት ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። መስማቱስ ስሕተት ነው። ያ «ከሌላ የወጣ አሮጌ» ያልኩት ግን በጆሮዬ የገባ አይደለም። እዚያው አፌ ላይ የተሰፋ ነው፤ የሰፋሁበትንም ክር አውቀዋለሁ።

ምንጣፏን እያጠፈች ስትወጣ ብድግ አልኩ። ነገሩን ከነአመጣጡ ነገርኳት፤ የደወለልኝን፣ የሰማሁትን፣ ጋሼ ያሉትን። ጋሼ ነገሩ ሲገባቸው ቀስ ብለው ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ።

«ሞተር ሳይክሉ ነው የተቀየረው» አለች።

«አዎ።»

«ከሌላ የወጣ አሮጌ ነው ብሎ የነገረሽስ ማን ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?»

«ባለ ሁለቱን ስለፈለግኩ መሰለኝ።»

«መሰለሽ?»

«ስለፈለግኩ ነው።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሰባት ጊዜ የምታነቢ ሴት፣ አንድ ጊዜ መጠየቅ አቃተሽ?» አለችና ጥላኝ ወደ ባለ ባንኩ ሄደች። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሻይ ሲያስጨምር ግን አየሁት። ከዚያ ስልኬን ከእጄ ወስዳ፣ ቁጥሩን ፈልጋ፣ ለቀያሹ ራሷ ደወለች። እስኪመጣ ድረስ በአስፋልቱ ዳር እየሄደች የወዳደቁ ጠጠሮችን በእግሯ ትጠርግ ነበር።

ድምፁን ከሩቅ ሰማነው። እሷ ጠጠር መጥረጓን አቆመች።

ቀያሹ ሲወርድ ቀድሜ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ ደግሞ ተደናግጦ «እኔ አማርኛዬ አሳስቷችሁ ይሆናል እህቴ፤ አንዳንዴ ይቀላቀልብኛል» አለ። አማርኛው አንድ ስንጥር ስሕተት አልነበረበትም። ይህንንም ነገርኩት፤ ከአፌ ለማውጣት ግን ከይቅርታው ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። እኔ ከሰሜን የመጣሁ፣ አማርኛው የእናቴ የሆነ፣ ስንት ዓመት እዚህ ስኖር ሰው «ሄደች» ማለት ሲገባው «ሄደ» ሲል በልቤ ሳርም የነበርኩ ነኝ።

ሊብሬውን ሰጠኝ። የሻንሲ ቁጥሩን በርከክ ብዬ ከብረቱ ጋር አመሳከርኩ፤ የሆዱን ሞተር ቁጥርም እንዲሁ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ ላመሳክር ስል ጓደኛዬ ሄልሜቱን ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አንቺ ቅደሚ» አለች። «አምስት ዙር። ከወረድሽ በኋላ የምትዪውን እሰማለሁ፤ ሳትነጂው የምትዪውን ግን ጠግቤያለሁ።»

በስመ አብ ብዬ ወጣሁ። መሪው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰውነቴ የእጅ አንጓዬ ላይ ወደቀ፣ አገጬ የነዳጅ ታንከሩን ሊነካ ደረሰ። በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ነገር ጠላሁት። መጋዘኑ ጋ እጄ እንደ ልማዱ ዘጋው፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። የሚያስዘጋው ነገር የለም። ጋዙን ነካ አደረግኩ፤ አልወረወረኝም። ሞተሩ እንደ ተመከረ ሰው ዝም ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ እጄን ተከትሎ ሄደ። በሁለተኛው ዙር ሆን ብዬ ጨመር አደረግኩ። አሁንም ገር ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ ባለ አራቱ ከላይ ነው የሚዘፍነው ሲሉ፣ እኔ የሰማሁት ዘፈኑን ብቻ ነው። ከላይ የሚዘፍን ከሆነ እኮ ከታች ዝምተኛ ነው! ባለ ሁለቱ ነው ከታች የሚጎትተው፤ እኔ የምነዳው ደግሞ ሁልጊዜ ከታች ነው። በሬው ቀና ብሎ ስለሚያስቀምጥ ብቻ ለፈሪ ይሆናል ብዬ ነበር። እንደኔ ላለው ጥንቁቅ እጅ የሚሆነው ዘፋኙ ነው፣ እስካላስዘፈኑት ድረስ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ይህንኑ ደጋግሜ ፈተንኩት፤ በአንድ ናሙና ሸሚዝ አይፈረድም። በአምስተኛው ቀጥታው ላይ ማርሽ ሳልቀይር ጋዙን ያዝኩት። የሆዱን ሞተር ዙር የሚለካው ቀስት ወደ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ሌላ ሞተር የተተካ ነው የመሰለኝ። እንደገና በስመ አብ አልኩና ለቀቅኩት። ሱቅ ጥሎ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ተረዳሁላት።

ስመለስ ጓደኛዬ የነበረችበት ቦታ የለችም። ከመጋዘኑ በኩል በእግሯ እየመጣች ነው።

«ለእኔም ይኼ ይሻላል» አልኳት። እውነቱን ነው የተናገርኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሌላ ምን ልትል ትችላለች የሚያሰኝ ነው።

«ይሉኝታ ከሆነ አልፈልግም» አለች። «ጥፋትሽን በሞተር አትካሺኝ። ቅዳሜ ሁለት ሦስቴ መጥተሽ ከዚያ አሞኛል ልትዪኝ ነው።»

«ይሉኝታ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አፍሽን አምኜ አይደለም። መጋዘኑ ጋ ቆሜ ነበር። ሁልጊዜ እዚያ ስትደርሺ ድምፁ ይቆረጣል። ዛሬ ከመጀመሪያው ዙር ሌላ አልተቆረጠም።»

ለባለ ባንኩ ሁለታችንም አብረን ሄደን ነገርነው። ሌላ ገዢ እንዳለው ደግሞ ነገረን፤ ቅር የተሰኘ አይመስልም። ስንመለስ ጓደኛዬ ሊብሬው በእሷ ስም እንደሚዛወር አስታወቀችኝ። ስንነጋገር የቆየነው ሁለት ስም እንዲሰፍርበት ነበር።

«ይሁን» አልኩ።

«አንቺ ማንበቡን ትችያለሽ፤ አንብቢልኝ። መልእክት መቀበል ግን ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው።»

ሻሿን አጠበቀች፣ ሄልሜቷን አጠለቀች፣ ቢስሚላህ አለችና ወጣች። ዘፋኙን ከመጀመሪያው ዙር ጀምራ አስዘፈነችው። ጋሼ ጉማጃቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ባለፈች ቁጥር አብረው ወደ ጎን ይጋደማሉ። አምስተኛውን ዙር ጨረሰች፤ አልቆመችም። ስድስተኛውንም፣ ሰባተኛውንም።

ቀያሹ ገና ያልተሸጠ ሞተሩን በዓይኑ እየተከተለ አጠገቤ ቆሟል። ስንት ዙር እንደቀራት ጠየቀኝ።

«እኔ አላውቅም፣ ወንድሜ» አልኩት። «ስትቆም ራሷን ጠይቃት።»